እንጉዳይ ዋና የተማረችበት ኩሬ

የልጅ ልጆቼ ትምህርት ሲዘጋ ከጎንደር ወደ እኔ ወደ ሽንፋ ይወርዳሉ። ዘንድሮ ትልቋ ስልኳን አምጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ዙሪያው በሸክላ የተነጠፈ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጃንጥላ የተተከለበት፣ ውሃው ሰማያዊ የሆነ ገንዳ ነው። ለዕረፍት ሊሄዱበት ያሰቡት ቦታ መሆኑ ነው።

"አባባ፣ ከዚህ የተሻለ ለቤተሰብ የሚሆን መዋኛ ታውቃለህ?" አለችኝ።

እኔ ዕድሜዬን ውሃ ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ሰው ከእኔ የሚፈልገው ማዶ መድረሱን ብቻ ነው።

"አውቃለሁ። ግን ሩቅ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ሀዋታ አጠገብ" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ በረሃብ ዘመን ተሰዶ የሄደ ሰው እዚያ መዋኛ አገኘሁ ሲል ያስቃል። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱኝ።

ስሜ ፈንቴ ነው። በዚያ ዘመን ሥራዬ አሻጋሪነት ነበር። ሽንፋን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወንዙ በጋ በጋ ሕፃን በእግሩ የሚሻገረው አሸዋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወስዳል። ድልድይ አልነበረም። ሰው ግን ለቅሶ አለበት፣ ገበያ አለበት፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ እና እኔን ይጠራኛል። ሁለት ትልልቅ ቅሎች በገመድ መረብ አስሬ ሰውየውን አስታቅፈዋለሁ፤ ዕቃውን በተነፋ ስልቻ ላይ አስሬ እየዋኘሁ አሻግረዋለሁ። አባቴም የኖረው በዚሁ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሙላቱን ሲረግም እኔ ሙላቱን እጠብቅ ነበር፤ እንጀራዬ ነዋ።

ሚስቴ እንጉዳይ ግን ውሃ አትወድም። የአሻጋሪ ሚስት ሆና ከጉልበቷ በላይ ውሃ ነክቷት አያውቅም ነበር። ላስተምርሽ ብዬ ስለምናት "አንተ ገብተህ ስጠም፤ እኔ ዳር ቆሜ አለቅስልሃለሁ" ትለኛለች። ልጃችን ትርንጎ ይህንን ስትሰማ አድጋ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "አባቴ ዓሣ ነው፣ እናቴ ግን ድመት ናት፤ እናቴ ዋና አትችልም" እያለች ሰው ታስቅበት ነበር።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣብን። ሽንፋ አልሞላ አለ። ሰው ሁሉ ጫማውን እንኳ ሳያረጥብ ሲሻገር እያየሁ፣ ቅሎቼ ከተሰቀሉበት ሳይወርዱ ክረምቱ አለፈ። ማሽላውም ሳያፈራ ደረቀ። ቤታችን የቀረው እህል ለአራት ሰው አይደርስም፤ ለሁለት ሰው ግን ቆጥበው ከበሉት ሊያከርም ይችላል። አራት ያልኩት እኔን፣ እንጉዳይን፣ ያኔ ስምንት ዓመት የሆናትን ትርንጎንና አማቴን ነው። አማቴ ወገባቸውን ተይዘው ከመደብ አይነሱም ነበር። ተሸክመን እንውሰድዎ ብንላቸው ወይ ፍንክች አሉ። ውሃ የሚቀዳላቸውና እሳት የሚያነድላቸው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ትርንጎ ከአያቷ ጋር እንድትቀር፣ እኛ ባልና ሚስት ሱዳን ወርደን ሠርተን እንድናድር ተማከርን። ትርንጎን የጠየቃት የለም።

የሄድን ቀን ወንዙ ድረስ ሸኘችን። ወንዝ እላለሁ እንጂ አሸዋ ነበር።

"መቼ ትመጣላችሁ?" አለች።

"ውሃው ሲመጣ" አለቻት እንጉዳይ።

እውነቷን ነው። ዝናብ ሳይጥል ብንመለስ በዚያች እህል ላይ ሁለት አፍ መጨመር ነው። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀችና እኛ ወዲያ ማዶ ወጥተን እስክንሰወር እዚያው አሸዋው ላይ ቆመች። እንጉዳይ ዞር ብላ አላየቻትም። ብታይ ኖሮ መንገዱን አትሄደውም ነበር።

ሀዋታ ደረስን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ራሃድ የሚባለው ወንዝ ዳር፣ ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የሱዳን ሰው የሽንኩርት አትክልት ነበራቸው። ድሮ መተማ ሲነግዱ አማርኛ ለምደዋል። እዚያ ውሃ እየቀዳን ሽንኩርት ማጠጣት ያዝን። ከጎናችን እንደኛው የተሰደዱ ብዙ ቤተሰቦች በሣር ዳስ ሰፍረው ነበር፤ የቅርብ ጎረቤታችን ለተብርሃን የምትባል ትግርኛ ተናጋሪ እናት ነበረች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ባሏ መንገድ ላይ ሞቶባታል።

ራሃድም ያን ጊዜ አይፈስም ነበር። በበጋ አሸዋው መካከል እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። ከአትክልቱ በታች ያለው ኩሬ ግን ሌላ ነው። በአንድ ወገን አሸዋው ቀስ እያለ የሚወርድ፣ ለሕፃን እንኳ የማያሰጋ፤ በሌላው ወገን ትልቅ የሾላ ዛፍ ጎንበስ ያለበት፣ ጥልቅና ቀዝቃዛ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሐጅን "አዞ አለበት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ነበረ" አሉኝ። "ዘንድሮ ግን ሰው ነው አዞን የሚበላው።"

ዓርብ የሱዳን ሰዎች የዕረፍት ቀን ነው። ቀትር ላይ ለጁምዓ ጸሎት ሲሄዱ ኩሬው ለኛ ይለቀቃል። መቼም ሰው ሲከፋው የሚሰበሰብበት ነገር ይፈልጋልና፣ የሰፈሩ ቤተሰብ ሁሉ ልብስ ተሸክሞ፣ ልጁን አስከትሎ ይወርዳል። ሴቶቹ ከነቀሚሳቸው ይገባሉ። ልጆቹ አሸዋማው ወገን ላይ ይንቦጫረቃሉ። እኔ የዋና አስተማሪ ሆንኩ። ቅል የት ይምጣ፤ ባዶ ጀሪካን ከብብታቸው ሥር አስሬ "እግርህን ምታ" እያልኩ ስጮህ እውላለሁ። ሐጅ ከጸሎት ሲመለሱ ሐብሐብ አስይዘው ይመጡና ሾላው ሥር ተቀምጠው ለልጆቹ ይቆርሳሉ። ከሣምንቱ ቀን ሁሉ ልጆች እንደ ልጅ ሲጮሁ የምሰማው በዚያን ቀን ነበር።

እንጉዳይ መጀመሪያ ልብስ አጥባ ትመለስ ነበር። ልጆቹን ማየት አትችልም፤ ትርንጎ ትመጣባታለች። አንድ ቀን ግን ሐጅ ኢድሪስ እንዲሁ ሲጫወቱ፣ ይህ ራሃድ ከእናንተ አገር ነው የሚመጣው፣ እናንተ ሽንፋ የምትሉት እሱ ነው አሉን። እኔ አልደነቀኝም፤ ወንዝ ወደ ታች እንደሚወርድ አውቃለሁ። እንጉዳይ ግን ኩሬውን አየችው።

"በቤታችን ሥር የሚያልፈው ነው?" አለች።

"እሱው ነው።"

በሚቀጥለው ዓርብ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ኩሬው ዳር መጣች። "ዋና አስተምረኝ" አለችኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። "ምን ነካሽ? ድመቷ ምን ሆነች?"

"አትሳቅ። አስበው እስቲ። ዝናብ ካልዘነበ አንሄድም። ከዘነበ ሽንፋ ይሞላል። እንግዲህ የምንገባው በሙላት ነው።"

"እኔ ምን ልሠራ ነው? አሻግርሻለሁ።"

"በምን? ቅሎችህ እቤት ተሰቅለዋል፤ ቤቱ ማዶ ነው። ስንቅና ዘር ይዘን ከሄድን እሱን ታሻግራለህ ወይስ እኔን?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደግሞስ ብትሞትብኝ? ለተብርሃን ባሏ ይሞታል ብላ ነው የወጣችው? ልጄ ማዶ ሆና እኔ ወዲህ ዳር ቆሜ ላልቅስ?"

ጀሪካኑን አሰርኩላት።

እውነቱን ልናገር፣ እንደሷ የማይሆንለት ተማሪ አላየሁም። ልጆቹ በሁለት ዓርብ የሚለምዱትን እሷ ወር ፈጀባት። ውሃ ፊቷን ሲነካት ትንፋሿ ይጠፋል፤ አንገቴን ታንቃለች፤ ከዚያ ወጥታ ትሰድበኛለች። ለተብርሃን ከዳር ሆና "ፈንቴ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በርታ፣ ገና አልገደለችህም" እያለች ትስቅብናለች። እኔ ለማሻግረው ሰው ሁሉ የምለውን ለእሷም እደግምላት ነበር። "ውሃውን አትዪ። ውሃውን ያየ ይዞራል። ማዶ ያለውን ዛፍ እዪ። ከውሃው ጋር አትታገይ፤ ትንሽ ይውሰድሽ፤ አንቺ ዛፉን ብቻ እዪ።"

ቀስ እያለች ለመደች። ጀሪካኑን ታቅፋ ከአሸዋው እስከ ሾላው ትሄዳለች፤ ሾላውን ነክታ ትመለሳለች። ያለ ጀሪካን ግን ወይ ንቅንቅ። ዛፉን ስትነካ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም፤ የልጄን ስም እንደሆነ አውቃለሁ።

እንዲህ እያለን ሰኔ ደረሰ። ሀዋታ ላይ ሰማዩ ወለል ያለ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። የዚያን ዓርብ ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ወርዷል። የለተብርሃን ልጆች አንድ ጀሪካን ለሁለት ይዘው አሸዋማው ወገን ይጫወታሉ። እንጉዳይ ከኩሬው ወደ ላይ፣ ወንዙ መካከል ባለው የአሸዋ ደልደል ላይ ልብስ ታሰጣለች። ሐጅ ከመስጊድ ተመልሰው ሐብሐቡን ሊቆርሱ ቢላ አውጥተዋል።

ከላይ በኩል አቧራ ተነሣ። ከብት ጠባቂዎች ከብቶቻቸውን ከወንዙ ሆድ ውስጥ እያጣደፉ ወደ ዳር ሲያወጡ አየን። አንዱ በግመል ላይ ሆኖ እየጋለበ ወደ እኛ መጣና እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

"በሐር ጃ! በሐር ጃ!"

የሱዳን ሰዎች ወንዙን በሐር ነው የሚሉት። ውሃው መጣ ማለቱ ነው። ሐጅ ቢላውን ጥለው ብድግ አሉ፤ "ውጡ፣ ውጡ፣ ልጆቹን አውጡ" አሉ። የአትክልቱ ሠራተኞች የሆኑት የሱዳን ሰዎች ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ዳር ወጡ።

የኛ ሰው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወደ ታች ወረደ። ዳስ ውስጥ የነበሩት ሳይቀሩ፣ አሮጊቱ በምርኩዝ፣ ሴቱ እንስራ ይዞ፣ እየሮጠ ወንዙ ሆድ ውስጥ ገባ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ ውሃ ከመጣ የመጣው ከአገር ቤት ነው። አገር ቤት ዝናብ ጥሏል ማለት ነው። እናቱን ትቶ የመጣ አለ፣ ልጁን ትቶ የመጣ አለ፣ በሬውን ትቶ የመጣ አለ። ከቤቱ የመጣ እንግዳ ሊቀበል ነው የወጣው።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ አያስፈራም። አረፋና ጭራሮ እየገፋ፣ አሸዋውን እየላሰ፣ በሰው እርምጃ ነው የሚመጣው። ቀይ ነው። አፈሩ የኛ አፈር ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተንበርክከው ይዘግናሉ፣ ፊታቸውን ያብሳሉ፣ ድፍርሱን ይጠጣሉ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነክተው እጃቸውን ሳሙት።

እኔ ዕድሜ ልኬን ከጎርፍ ጋር የኖርኩ ሰው፣ የፊተኛው ውሃ ቀስ ብሎ ሲመጣ የኋለኛው ግን እንደማይምር ከማንም በላይ የማውቅ ሰው፣ ምን አደረግሁ? እኔም ወረድኩ። ጨልፌ ጠጣሁ። አፌ ውስጥ አፈሩ ሲንቀጫቀጭ እንባዬ መጣ። ቤቴ ሸተተኝ።

የነቃሁት ድምፁን ስሰማ ነው። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሩቅ የሚመጣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ይመስላል። ቀና ስል ከመታጠፊያው ላይ ውሃው ሙሉ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ሲዞር አየሁ። "ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። በእልልታው የሰማኝ የለም። አንዱን በጡጫ፣ አንዱን በስድብ እየገፋሁ ወደ ዳር ነዳሁ። የለተብርሃን ልጆች ግን ጀሪካናቸውን ታቅፈው ኩሬው ውስጥ ናቸው፤ ውሃው ከሥራቸው እያነሳቸው ይስቃሉ። ዘልዬ ገብቼ ሁለቱን በሁለት ብብቴ ይዤ ለሐጅ አቀበልኳቸው። ጀሪካኑ ዓይናችን እያየ ሄደ።

ዞር ስል እንጉዳይ የለችም።

ያ የአሸዋ ደልደል በዚህም በዚያም በውሃ ተከቦ፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ቀርቷል። እዚያ ላይ ቆማለች። እዚያው ሆና ውሃውን ስትቀበል ከኋላዋ እንደ ዞረባት አላወቀችም። በእኔና በእሷ መካከል የሚያልፈው ውሃ በጣም ኃይለኛ ነው። ገብቼ ልደርስላት ብል ከእሷ በላይ ርቄ ወጥቼ መግባት አለብኝ፤ ያን ያህል ጊዜ የለም፤ ደልደሉ እየተናደ ነው።

"ወደ ላይ አትመልከች! ሾላውን እዪ!" ብዬ ጮህኩ። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

አየችኝ። ከዚያ እኔን ተወችኝና ከኔ በታች ያለውን ሾላ አየች። ነጠላዋን ፈታ ጣለች። ጀሪካን የለ፣ ቅል የለ። ያቺ ውሃ ፊቷን ሲነካት ትንፋሿ የሚጠፋ ሴት ገባች።

እኔ በዳር በዳር ወደ ታች ሮጥኩ። አንዴ ራሷ ይታየኛል፤ አንዴ አይታየኝም። የማውቀው የጸሎት ዓይነት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ "ዛፉን እዪ፣ ዛፉን እዪ" ብቻ እላለሁ። ውሃው ወሰዳት፤ እሷም አልታገለችውም፤ ትንሽ ይውሰድሽ ያልኳትን አልረሳችም። ሾላውን አለፈችው። አለቀልኝ ስል ከሾላው በታች የተንጠለጠለውን ሥር ይዛ አየኋት። ደርሼ ክንዷን ያዝኩ። ሐጅ ከኋላዬ ወገቤን ይዘው ጎተቱን።

ጭቃው ላይ ተቀምጣ ስታስል፣ ስታስል ቆየች። የሰፈሩ ሰው ከቦናል። ከሰፈሩ ሰው የጠፋ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልብስና እንስራ ነው የሄደው። እንጉዳይ ፊቷን ጠረገችና አየችኝ።

"ይቀዘቅዛል" አለች። "የአገራችን ውሃ እንደሚቀዘቅዝ ረስቼው ነበር እኮ።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከወጣን ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

"ነገ እንሂድ፣ ፈንቴ። ውሃው ሲመጣ ብያታለሁ። ውሃው መጣ።"

"ሙላቱ ትንሽ ይቀንስ" ልላት ነበር። ሐጅ ኢድሪስ ግን ቀደሙኝ። የሱዳን መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ከነካው መኪናም አህያም አያስወጣም፤ ያልወጣ ሰው እስከ ጥቅምት እዚያው ነው። "ለኔ ብትቀሩ ይሻለኛል፤ የዘር ጊዜ ነው" አሉ። "ግን ልጅ አላችሁ። በነገው ትራክተር ድንበሩ አጠገብ፣ ባሱንዳ ድረስ ትሄዳላችሁ።" ጠዋት ሲሸኙን አንድ ስልቻ የማሽላ ዘር አሸከሙኝ። ለተብርሃን የልጆቿን ፊት ወደ እንጉዳይ ቀሚስ አስጠግታ "ሳሟት፣ ሳሙልኝ" ስትላቸው፣ አገሯ በየት በኩል እንደሆነ አሰብኩ። የእሷ ወንዝ ሀዋታ አይደርስም።

ከባሱንዳ በእግራችን ሄድን። ዝናቡ ከኋላችን ይመጣ ነበር፤ ጭቃው በየእርምጃው ጫማችንን ይስባል፤ እንጉዳይ ግን ከፊቴ ነበረች። ልረፍ ስላት "አንተ እረፍ፤ እኔ እየሄድኩ እጠብቅሃለሁ" ትላለች። እንዲያ እየተጓዝን አንድ ረፋድ ላይ ሽንፋ ደረስን።

ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ማዶ፣ ቤታችን ባለበት ወገን፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ታዩን። እንጉዳይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

"ትርንጎ አለች?"

ውሃው ድምፁን ዋጠው። ደግማ ጮኸች። አንዷ ሴት ያወቀችን መሰለች፤ እንስራዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ ግን ከዚያ ርቀት እጅ አይናገርም። እኔ ስልቻውን አውርጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማዶ ለመድረስ የቸኮልኩትን ያህል፣ አሁን ወዲህ መቅረት አሰኘኝ። እዚህ እስካለሁ ድረስ ልጄ አለች።

እንጉዳይ ግን ወደ ላይ መሄድ ጀመረች፤ በዳሩ፣ ወደ ላይ። አሻጋሪ እንደዚያ ነው፤ ከሚወጣበት በላይ ርቆ ይገባል። የት ተማረችው? ከእኔው ነዋ። ማዶ ያለች አንዲት ግራር ላይ ዓይኗን ተከለች። እስክነሳ ድረስ ገብታለች።

ዘሩን በጋቢዬ ቋጥሬ፣ ባዶውን ስልቻ ነፍቼ፣ ላዩ ላይ አስሬ ተከተልኳት። ብዙ ሰው አሻግሬአለሁ፤ እኔ ከኋላ፣ ሌላ ሰው ከፊት ሆኖ የተሻገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኔን ከጀርባዋ አልነቀልኩም። የምላት ነገር አልነበረኝም። ከግራሯ ትንሽ ዝቅ ብላ ጭቃውን በእጇ ያዘች፤ በጉልበቷ ወጣች።

ሴቶቹ ሮጠው መጡ። ከኋላቸው አንዲት ልጅ ቆማለች። ረዝማለች፣ ከስታለች፣ ጸጉሯ ተላጭቷል። ያንን የተላጨ ራስ ሳይ ገባኝ፤ አያቷን ቀብራ ነው። አማቴ ዝናቡን ሳያዩ አልፈዋል።

እንጉዳይ ከነጭቃዋ እጇን ዘረጋች። "ትርንጎዬ።"

ልጅቱ ወደ ኋላ አለች። እንጉዳይን አየቻት፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ውሃ ይወርዳታል። ከዚያ እኔ ከውሃው ስወጣ አየችኝ። ለእኔ አልደነገጠችም፤ አባቷ ሁሌም የሚመጣው ከውሃ ነው።

"አባቴን አውቀዋለሁ" አለች ለሴቶቹ። "ይቺ ግን እናቴ አይደለችም። እናቴ ዋና አትችልም።"

እንጉዳይ እጇን አላወረደችም።

"ተምሬ ነው" አለቻት። "ወዳንቺ ልመጣ ተምሬ ነው።"

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዕረፍት ሲመጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ውሃ የምትሄዱ ከሆነ፣ ሂዱ፤ ጥሩ ነው። ሕፃን የሚቆምበት አሸዋ፣ ትልቅ ሰው የሚያርፍበት ጥላ ይኑረው፤ ከላይ ምን እንደሚመጣ የሚያይ ሰው ዳር አስቀምጡ፤ ሌላው ትርፍ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ሰው ከማሻገር ይልቅ ሰው ማስተማር ያዝኩ። ቅል ታቅፎ መሻገር እኔ እስካለሁ ድረስ ነው፤ ዋና ግን ከእሱ ጋር ይቀራል። ይህንን ያስተማረችኝ እንጉዳይ ናት።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ፤ ማንም አያምነኝም እንጂ። ሀዋታ ሆኜ ሽንፋ እንደናፈቀኝ፣ ሽንፋ ገብቼ ደግሞ ያ ኩሬ ይናፍቀኛል። የዓርቡ ቀትር፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የሐጅ ሐብሐብ፣ የለተብርሃን ሳቅ። ለተብርሃን አገሯ ገብታ ይሆን? እነዚያ ልጆች የት ደረሱ? እንጉዳይ ካረፈች በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀይ ውሃ ሲወርድ ወንዙ ዳር ሄጄ እጄን እነክራለሁ። ያ ውሃ በዚያ ሾላ ሥር ያልፋል።

ይህንን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነግሬ ስጨርስ ፎቶዋን ረስታዋለች። ስልኳን አንስታ ጎንደር ላለችው እናቷ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"እማዬ፣ አያቴ ዋና ትችል ነበር እንዴ?"

ትርንጎ የሆነ ነገር ስታስቀምጥ ሰማሁ።

"ትችል ነበር" አለች። "እኔ ነኝ ያላመንኳት።"